ሁለተኛው ጊታር ሥራው ምንድን ነው?

የባንድ ሙዚቀኞች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድምፁን ስለሚያጎላው አምፕ ናቸው። ወቅቱም ነው። በዐቢይ ጾም ሥራ የቀዘቀዘበት ሙዚቀኛ ዕቃውን የሚያሠራው፣ የሚሸጠውና የሚገዛው በእነዚህ ሳምንታት ነው፤ ከፋሲካ በኋላ የሠርጉ ሥራ ሲጀመር ለዚህ ጊዜ የለም። እኔ ሊድ ጊታር ይዤ በሆቴል፣ በክለብና በሠርግ የምሠራ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ የምመልሰው መድረክ ላይ ለሚቆም ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። በሁለት ባንድ እጫወታለሁ። አንደኛው ቅዳሜና እሑድ በአንድ ሆቴል የቆዩ የአማርኛ ዘፈኖችን ይሠራል፣ ሁለተኛው የሠርግ ባንድ ነው። ያለኝ ጊታር አንድ ብቻ ነው፤ በስትራቶካስተር ቅርጽ የተሠራ የቻይና ጊታር ነው፣ ድምፁ ግን አያሳፍርም። አሁን ትንሽ ገንዘብ አጠራቅሜያለሁ። ጓደኞቼ «እሱን ሽጠህ፣ ጨምረህ አንድ ደህና ሌስ ፖል ግዛ» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጊታርህን አትሽጥ። ባጠራቀምከው ገንዘብ ሁለተኛ ጊታር ግዛበት፣ ሌስ ፖሉ ይቆይ። አንድ ውድ ጊታር ብቻ ያለው ሰው ክር የተበጠሰበት ምሽት ጊታር የለውም። ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ እየገቡ፣ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ፣ ካሜራው እየቀረጸ «ቆዩ፣ ጊታሪስታችን ክር ይቀይር» የሚል ባንድ የለም። ባለፈው ዓመት አዳማ ላይ በአንድ ሠርግ የመግቢያው ዘፈን መሃል ላይ ሦስተኛው ክር ተበጠሰብኝ። ኪቦርዲስታችን ዞር ብሎ አየኝና የእኔን ቦታ በግራ እጁ ሸፈነው። እኔ ሌላውን ጊታር አንጠልጥዬ ለአዝማቹ ደረስኩ። ደጋሾቹ ምንም አላወቁም። በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያው ሰዎች ለዘመዳቸው ሠርግ ጠሩን። ሁለተኛው ጊታር ዋጋውን የሚመልሰው እንዲህ ነው።

ሁለተኛው ጊታር ግን ክር እስኪበጠስ ድረስ መቆሚያው ላይ ተቀምጦ ብቻ መጠበቅ የለበትም። ዘፋኝ ቶን፣ ማለትም ዘፈኑ የሚነሳበትን የድምፅ ከፍታ፣ የሚመርጠው ለጉሮሮው ነው። ኪቦርዲስት ደግሞ ዘፈኑ ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ቢወድቅለት ደስ ይለዋል፤ ምክንያቱም አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ብቻቸውን ቅኝት ናቸው። ከጂ ፍላት ተነስተህ ብትነካቸው ትዝታ ሜጀር ይሰጡሃል፣ ከኢ ፍላት ብትነሳ ደግሞ ባቲ ማይነር። ጊታር በተለመደው መንገድ ሲቃኝ ክፍት ክሮቹ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ እና ኢ ናቸው። ከእነዚህ መካከል በእነዚያ ጥቁር ቁልፎች ውስጥ የሚገኝ አንድም ድምፅ የለም። ያኔ ጣትህ ሁልጊዜ ክሩን እንደተጫነ ነው፤ እኛ አገር ዘፈን ላይ በጣም የሚያምረው፣ ክራርን የሚያስታውሰው የክፍት ክር ድምፅ ይቀርብሃል።

አሁን ሁለተኛውን ጊታር ውሰድና ስድስቱንም ክሮች ግማሽ ቶን ዝቅ አድርጋቸው። ኢ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ዲ ፍላት፣ ጂ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ኢ ፍላት ይሆናሉ። ሁሉም ጥቁር ቁልፎች ናቸው! ጂ ብለህ የምታውቀው አያያዝ ሁሉ ጂ ፍላት ሆኖ ይወጣል፣ ክፍት ክሮቹም በሙሉ ቅኝቱ ውስጥ ይገባሉ። የእኔ ሁለተኛ ጊታር ቴሌካስተር ነው፣ ሁልጊዜም የሚቀመጠው እንዲህ ተቃኝቶ ነው። ከዘፋኞቹ ጋር ልምምድ ስናደርግ የትኛው ዘፈን በየትኛው ጊታር እንደሚሠራ በዝርዝሩ ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

«ዝቅ ብሎ የተቃኘ ጊታር ታዲያ እንዴት መጠባበቂያ ይሆናል?» ትለኝ ይሆናል። ክሮቹን በአንድ ላይ የሚጫነውን መቆንጠጫ፣ ካፖ የሚባለውን፣ ግዛ። አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ስታስረው ጊታሩ ወደ ተለመደው ቅኝት ይመለሳል። ያኔ አንገቱ ላይ ያሉት ነጥቦች አንድ ፍሬት ስለሚዛነፉ ዓይንህን ያሳስቱታል፤ ቤትህ ሆነህ አስቀድመህ ተለማመደው። ዝቅ ብሎ ለሚቃኘው ጊታር ክሩ ትንሽ ወፈር ይበል። ዋናው ጊታር ላይ ውፍረቱ ከ9 የሚጀምር ክር ካሰርክ እዚህኛው ላይ ከ10 የሚጀምረውን እሰር፤ ያለዚያ ክሩ ይላላል፣ ስትጫነውም ድምፁ ይንሸራተታል።

ምን ዓይነት ልግዛ ካልከኝ፣ ለአሁኑ እጅህ ከለመደው የማይርቅ ይሁን። እንደ ስትራቶካስተር ባሉ የፌንደር ጊታሮች ላይ ክሩ የሚርገበገብበት ርዝመት 648 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ እንደ ሌስ ፖል ባሉት ጊብሰኖች ላይ 628 አካባቢ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ጨለማ መድረክ ላይ በአንድ ዘፈን መሃል ጊታር ስትቀይር ግን ጣትህ ይሰማዋል። ሌስ ፖል ክብደቱም አራት ኪሎ አካባቢ ነው፤ የሠርግ ምሽት ደግሞ ረጅም ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው የድምፁ መጠን ነው። የሌስ ፖሉ ሃምበከር፣ ማለትም ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚለቅመው ባለ ሁለት ጥቅል ሽቦ፣ ከአንተ ባለ አንድ ጥቅል ሲንግል ኮይል ይበልጥ ይጮሃል። በቀየርክ ቁጥር አምፕህን ካልነካካህ ወይ ዘፋኙን ትሸፍነዋለህ ወይ ትጠፋለህ።

ሆኖም ሃምበከር አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። መሐንዲሱ ሴዝ ላቨር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጊብሰን ቤት ሲሠራው ዓላማው ከመብራት የሚመጣውን እምም የሚል ድምፅ ማጥፋት ነበር። ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ ስለሚጠመጠሙ ከውጭ የገባው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የመብራት ማደብዘዣ ባለበት አዳራሽ ስትጫወት ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ስለዚህ ካገኘህ ክሮቹ አካሉ ላይ ከሚያርፉበት ከድልድዩ በኩል አንድ ሃምበከር፣ ከአንገቱ በኩል ሁለት ሲንግል ኮይል ያለው የስትራት ቅርጽ ጊታር ግዛ። ለሠርጉም ለሆቴሉም ይበቃሃል።

ተንሳፋፊ ድልድይ ያለውን፣ ፍሎይድ ሮዝ የሚባለውን፣ ለዚህ ሥራ አልመክርህም። አንድ ክር ሲበጠስ የቀሩት አምስቱ በሙሉ ከቅኝታቸው ይወጣሉ። እንዲያ ያለ ጊታር በሁለት ዘፈን መሃል ግማሽ ቶን ልታወርደውም አትችልም።

ያገለገለ ጊታር ብትገዛ ገንዘብ ይተርፍሃል። የተረፈውን ለባለሙያ ከፍለህ ሁለቱንም ጊታሮች አሠራቸው፤ ፍሬታቸው ይስተካከል፣ የክሮቹ ከፍታ አንድ ይሁን። ከዚያ ሁለት ጠንካራ ኬብል ግዛ። መድረክ ላይ ከክር ቀጥሎ የሚከዳው ኬብል ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ጊታሪስት ነው። ገርጂ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር እንኖራለን። አምስት ጊታርና ሦስት አምፕ አለው፤ አንደኛው አምፕ የልጆቹ ክፍል ውስጥ ነው። «ሁሉም ለሥራ ያስፈልጋል» ይለኛል። እውነቱን ይንገሩኝ፣ ያስፈልጋል?

መልስ፦ እመቤቴ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ በጥንቃቄ ልመልስልዎት። በሁለት ባንድ የሚሠራ ጊታሪስት ሁለት ጊታር የግድ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው የሚያስፈልገው የሚከፈልበት ሥራ ሲጠራው ነው፤ ለምሳሌ አኩስቲክ ፕሮግራም ካለው፣ ወይም አንዳንዴ ቤዝ እንዲጫወት ከተጠራ። ከአምፕ ደግሞ አንድ ዋና፣ አንድ ደግሞ በአንድ እጅ የሚነሳ ትንሽ መጠባበቂያ ይበቃል። ሦስተኛው አምፕ እቤት ተቀምጦ ምን እንደሚሠራ እኔም አላውቅለትም።

ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱ ዕቃ ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት ወጥቶ ገንዘብ ያመጣው መቼ እንደሆነ ጠይቁት። ካለፈው የሠርግ ወራት ወዲህ ያልወጣው ይለይ። የተለየው ሁሉ ግን ወዲያው አይሸጥ። ደህና ጊታር እዚህ አገር ከተሸጠ በኋላ ተመልሶ የሚገኘው በውጭ ምንዛሪ ነው። በጾሙም ሰው ሁሉ ሻጭ ስለሚሆን ዋጋ ይወድቃል። አምፑን ያከራየው። ዕቃ ሳይዙ ከውጭ ለሚመጡ ዘፋኞችና ለትንንሽ ባንዶች አምፕ በምሽት የሚከራይበት ሥራ አለ፤ የልጆቹ ክፍልም ይለቀቃል። ሙዚቀኛ ዕቃውን ሲለይ ከሥራው የሚወስዱበት ስለሚመስለው ሊከፋው ይችላል። ሁለቱን ዋና ጊታሮቹን ማንም እንደማይነካበት መጀመሪያ ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው ያለሁት። በዋሽንግተን አካባቢ ባሉ የአበሻ ክለቦች እጫወታለሁ። ለጥቂት ወራት አዲስ አበባ መጥቼ ልሠራ ነው። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ አምፔን ይዤ ልምጣ? ያለ እሱ ድምፄ የእኔ አይመስለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት የሰላም ስዩምን ጊታር እየሰማ ያደገ ሰው ጥርት ያለ ድምፅ ቢወድ አይፈረድበትም፤ ለጥርት ድምፅ ደግሞ ትዊን የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ነገር ግን ተወው፣ እዚያው ይቆይህ።

መጀመሪያ መብራቱ። የአንተ አምፕ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው። እዚህ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ብትሰካው ቢቀናህ ፊውዙ፣ ካልቀናህ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ቮልቴጅ ማውረጃ መግዛት ይቻላል፤ ከአምፑ ጀርባ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ የሚችል መሆን አለበት። ማውረጃው ግን ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይረውም፤ ለ60 ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። በየሱቁ ከሚሸጡት ማውረጃዎች ብዙዎቹ ደግሞ መሰኪያቸው ባለ ሁለት እግር ነው፣ ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን የኧርዝ መስመር ይቆርጡታል። ይህ ለምን እንደሚያስፈራኝ ቀጥሎ ባለው ደብዳቤ ታነባለህ።

ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ትዊን 29 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የብዙ አየር መንገዶች የኢኮኖሚ ሻንጣ ገደብ 23 ነው። እዚህ ደርሶም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክለብ በደረጃ ማን ያወጣልሃል?

ሦስተኛው ያን ያህል ኃይል አያስፈልግህም። ትዊን 85 ዋት ነው፣ ታናሹ የፌንደር አምፕ ዲሉክስ ሪቨርብ 22። ቁጥሩ አራት እጥፍ ገደማ ቢሆንም በጆሮ ሲለካ ልዩነቱ ስድስት ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» የሚለው ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ሲያድግ ነውና። የአዲስ አበባ ክለቦች አይሰፉም። ትልቅ አዳራሽ ሲሆን ደግሞ አምፑ ፊት ማይክ ይደረግና ሳውንድ ሲስተሙ ይሸከመዋል። እኔ በ22 ዋት ነው የምሠራው፣ ያነሰኝ ምሽት አላስታውስም።

ስለዚህ ጊታሮችህን ይዘህ ና፤ ሁለቱን። የፔዳል ሰሌዳህንም አምጣ፣ ግን የኃይል ሳጥኑን ገልብጠህ አንብብ። «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» የሚል ከሆነ መሰኪያውን ብቻ መቀየር ይበቃሃል። 120 ብቻ ከሆነ እዚያው ተወው። አሁን በብዛት የሚሠራባቸው፣ የአምፕ ድምፅ የሚያስመስሉ ዲጂታል መሣሪያዎች፣ እንደ ኬምፐርና ሄሊክስ ያሉት፣ በሁለቱም መብራት ይሠራሉ፤ የትዊንን ድምፅ በጥሩ ሁኔታ ይሰጡሃል፣ በቀጥታም ሚክሰር ውስጥ ይገባሉ። እውነተኛ አምፕ ከጀርባዬ ካልነፈሰ ካልክ እዚህ ለ220 የተሠራ ተከራይ። የሮላንድ ጃዝ ኮረስ 120ም ካጋጠመህ አትለፈው። ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራ፣ ቱቦ የሌለው፣ በትራንዚስተር የሚሠራ አምፕ ነው፤ ለትዝታም ለአምባሰልም ጥርት ብሎ ይቆምልሃል። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ምሽትም ከቱቦ አምፕ ይልቅ ይታገሣል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ባንድ እዘፍናለሁ፣ ሪትም ጊታርም እጫወታለሁ። ጊታሬን ይዤ ማይኩን በከንፈሬ ስነካው ይነዝረኛል። የሳውንድ ባለሙያው «ስፖንጅ አድርጊበት፣ የተለመደ ነው» አለኝ። እውነት የተለመደ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የተለመደ መሆኑ እውነት ነው፤ ለዚህ ነው የምለምንሽ። መንስኤው እስኪገኝ ድረስ ጊታርና ማይክ አብረሽ አትንኪ።

የጊታርሽ ክሮች በኬብሉ በኩል ከአምፑ ብረት ጋር የተያያዙ ናቸው። የማይኩ ወንፊት ደግሞ በራሱ ኬብል ከሚክሰሩ ጋር ተያይዟል። ሁለቱ በትክክል ወደ አንድ ኧርዝ ከተያያዙ በመካከላቸው ቮልት የለም። ከሁለቱ በአንዱ መስመር ኧርዙ ከተቆረጠና ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ካመለጠ ግን በእጅሽና በከንፈርሽ መካከል መንገዱ አንቺ ነሽ። ዛሬ መንዘር ብቻ የሆነው ነገ እጅሽ በላብ ሲርስ ወይም አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ሌላ ሊሆን ይችላል። የስኮትላንዱ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ በ1972 (እ.ኤ.አ.) በዌልስ፣ ስዋንሲ ከተማ፣ ሰው እያየው መድረክ ላይ የሞተው ኧርዝ ያልነበረውን ማይክ በነካበት ቅጽበት ነው። ዕድሜው 27 ነበር።

ስፖንጅ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በትንፋሽ ሲርስ ደግሞ እሱም ያስተላልፋል። በመጀመሪያ የአምፕሽን መሰኪያ እዪው። ሦስተኛው እግሩ ተቆርጦ ከሆነ፣ ወይም ባለ ሁለት እግር ማከፋፈያ ላይ ተሰክቶ ከሆነ፣ ያ ምሽት በዚያ አምፕ አይሠራበትም። እምምታ ለማጥፋት ብለው ኧርዝ የሚቆርጡ ሰዎች አሉ። እምምታ የሚጠፋው በሲግናሉ በኩል ነው፣ የኧርዝ ማላቀቂያ ማብሪያ ባለው ዲ አይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር ጋር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን)፤ የኤሌክትሪኩ ኧርዝ አይነካም። ቀጥሎ የመድረኩ አምፕና የሳውንዱ ሚክሰር ከአንድ ሶኬት መስመር እንዲወስዱ አድርጊ። አንዱ ከሆቴሉ ግድግዳ፣ ሌላው ከጄኔሬተር ሲወስድ ነው ብዙ ጊዜ ይህ የሚመጣው። ከዚያ ባለሙያው መለኪያውን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጎ አንደኛውን ጫፍ በጊታሩ ክር፣ ሌላውን በማይኩ ወንፊት ይንካ። ቁጥሩ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ አትዝፈኚ፤ ባለቤቱ ቢቆጣም ይቆጣ።

ገንዘብ ካለሽ አስተማማኙ መፍትሔ የጊታር ዋየርለስ ነው። ኬብሉ ሲቀር ክርሽና አምፑ አይገናኙም። ሁለተኛ ጊታር ልትገዢ አስበሽ ከሆነ ይህ ይቅደም።

ጥያቄ፦ በየሁለት ሳምንቱ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ እየሄድን እንሠራለን። እዚያ ስደርስ የሁለቱም ጊታሮቼ ክሮች ይንቀጫቀጫሉ ወይም ከፍ ይላሉ። ተበላሽተው ነው?

መልስ፦ አልተበላሹም። እንጨቱ የአየሩን እርጥበትና ሙቀት ስለሚከተል አንገቱ ይንቀሳቀሳል፤ የሁለቱ ከተሞች አየር ደግሞ በጣም ይለያያል። ስትደርስ ጊታሮቹን ከነሻንጣቸው አዳራሹ ውስጥ አስቀምጥና አየሩን ይልመዱ፤ ከዚያ በኋላ ቃኛቸው። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዋቸው፣ ሙጫው ይላቀቃል። አሁንም ክሩ ከተንቀጫቀጨ አንገቱ ውስጥ ያለውን ዘንግ በትንሹ አላላው፤ ክሩ ከፍ ካለ ደግሞ አጥብቀው። ከሩብ ዙር በላይ በአንድ ጊዜ አትሂድ፤ ቃኝተህ፣ ጠብቀህ፣ እንደገና እየው። የዘንጉ ቁልፍ እንደ ጊታሩ ይለያያልና የሁለቱንም በሻንጣቸው ኪስ ውስጥ ለየብቻ አስቀምጥ።